የ«መብራት ኃይል» ሁለተኛው ቃል

የአዲስ አበባ ሰው ኤሌክትሪክን «መብራት» ብሎ ይጠራዋል። ወፍጮ ቤቱ ሲዘጋ «መብራት ጠፍቶ ነው» ይባላል፤ እንጀራ ጋጋሪዋ ሊጡን አቡክታ ምጣዱ አልግል ሲላት «መብራት የለም» ትላለች፤ በያጁ በጠራራ ፀሐይ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠው «መብራት ሄዶበት» ነው። ከሦስቱ አንዳቸውም ጨለማ ውስጥ አይደሉም፤ ያጡት ኃይል ነው። መሥሪያ ቤቱ በ1956 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች፣ ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተብሎ ሲቋቋም ስሙ ሁለቱንም ይዞ ነበር። በኋላ ኮርፖሬሽን ሆነ፤ በ2013 ደግሞ አመንጪውና አከፋፋዩ ተለያይተው ሁለት ድርጅት ሆኑ። ሕዝቡ ግን «መብራት ኃይል» ማለቱን አልተወም፤ ሲቸኩልም የሚያስቀረው ሁለተኛውን ቃል ነው። የአገራችን ድርጅቶች ከጭስ ወደ ታዳሽ ኤሌክትሪክ የተሻገሩበት፣ ደጋግመውም ወደ ጭሱ የተመለሱበት ታሪክ ያለው በዚያ በሚቀረው ቃል ውስጥ ነው።

በዓለም ገበያ «ወደ ታዳሽ ኃይል ተሸጋገርን» የሚል ድርጅት ዛሬ ብዙ ነው። በ2014 አርኢ100 የሚባለው ኅብረት ተመሥርቶ ትልልቅ ኩባንያዎች የሚጠቀሙበትን ኤሌክትሪክ በሙሉ ከነፋስ፣ ከፀሐይ፣ ከውኃና ከመሳሰሉት ለማድረግ ቃል ሲገቡ ነገሩ የሕሊና ጉዳይ ሆኖ ቀረበ። አሠራሩ በአብዛኛው የወረቀት ነው። ለንደን ወይም አምስተርዳም ያለ ድርጅት ሻጭ ይቀይራል፣ የረጅም ጊዜ ውል ይፈርማል ወይም የምስክር ወረቀት ይገዛል፤ ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ያው የትናንቱ ነው። ይህን የምለው ለማጣጣል አይደለም፤ ውሉ አዲስ የነፋስ ማመንጫ እንዲተከል ምክንያት የሚሆንበት ጊዜ አለ። እኛ ዘንድ ግን የሚቀየር ሻጭ የለም። ሽቦው አንድ ነው፤ በሽቦው ከሚመጣው ኃይል ከመቶ ዘጠና በላይ የሚሆነው ከውኃ የመነጨ ነው፤ ከቀሪውም አብዛኛው ከነፋስ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ መሸጋገር ማለት ከበርሜል ወደ ሽቦ መሄድ ነው። የምከራከርለት ነገር አጭር ነው፦ ፋብሪካዎቻችን ወደ ንጹሕ ኤሌክትሪክ የገቡት ችግር ገፍቷቸው ነው፤ ከእርሱ የሚወጡት ደግሞ ሽቦውን ማመን ሲያቅታቸው ነው። የካርቦናቸው ሒሳብ የሚገኘውም ከግድቡ ይልቅ ከፋብሪካው ጓሮ ነው።

መብራቱ ቀደመ። በ1898 ገደማ በምኒልክ ቤተ መንግሥት የተተከለው ጄኔሬተር ሥራው ግቢውን ማብራት ነበር። ኃይሉ የመጣው በ1912 ነው፤ በአቃቂ ወንዝ ላይ የመጀመሪያው የውኃ ማመንጫ ሲሠራ፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ እንደሚተርከው፣ የታሰበው በከተማዋ ለተቋቋሙት ትንንሽ ፋብሪካዎች ነው። በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ያሉት አውራ መንገዶችና የሕዝብ ቦታዎች የደረሳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ለምን ውኃ ተመረጠ ቢባል ካርታውን ማየት ይበቃል። ባቡሩ ድሬዳዋ የደረሰው በ1902፣ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው። በመካከሉ ባሉት ዓመታት ከባሕር የሚመጣ ነዳጅ ሐዲዱ ካበቃበት ወዲህ የግመልና የበቅሎ ጭነት ነበር። እንጨቱም በከተማዋ ዙሪያ ተመንጥሮ ስላለቀ ባሕር ዛፍ ይተከል ጀምሮ ነበር። ማንም ሳይጭነው፣ ቀረጥ ሳይከፈልበት፣ በራሱ እግር ተራራ ወርዶ ደጃፍ የሚደርስ ማገዶ ውኃ ብቻ ነው። በ1932 በዚያው በአቃቂ ላይ የአባ ሳሙኤል ማመንጫ ተከተለ፤ አቅሙ 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ዛሬ አንድ ትልቅ የሲሚንቶ ፋብሪካ ብቻውን የዚህን ብዙ እጥፍ ይበላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ለዋና ከተማ የሚተርፍ ኃይል ነበር።

ቀጣዩ ትልቅ እርምጃ የተወለደው ከጦርነት ካሣ ነው። በ1947 በፓሪሱ የሰላም ውል ኢጣልያ ለኢትዮጵያ 25 ሚሊዮን ዶላር ካሣ እንድትከፍል ተወሰነ፤ ከዚያ ካሣ ድርድር የቆቃ ግድብ ተገኘ። በ1960 ሥራ ሲጀምር 43 ሜጋ ዋት ያህል አቅም ነበረው። በ1966 እና በ1971 ከበታቹ አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት ይዘው ተጨመሩ። ከአቃቂ እስከ ናዝሬት በባቡሩ ሐዲድ ዳር የተሰለፉት ፋብሪካዎች ያደጉት በእነዚህ የአዋሽ ወንዝ ማመንጫዎች ነው። ከዚያው የካሣ ገንዘብ የተሠራ ሌላም አለ፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ። ፋብሪካው በ1961 ሲቋቋም ባሕር ዳር የደረሰ ዋና መስመር አልነበረም፤ ስለዚህ በ1964 የጢስ ዓባይ ማመንጫ ተሠራለት። አሠራሩ ለዓይን ግልጽ ነው፦ ውኃው ከፏፏቴው በላይ ተጠልፎ በቦይ ይሄዳል፤ በቧንቧ ወርዶ ተርባይኑን ይመታል፤ ከፏፏቴው በታች ተመልሶ ወንዙን ይቀላቀላል። ከጣና የሚወጣ ውኃ መዘውር ያዞራል፤ መዘውሩ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በጣና ዳር ያለውን ማጠንጠኛና መሸመኛ ያዞራል። ወንጂ ደግሞ ሌላ መንገድ ነበረው። የሆላንዱ ኩባንያ ኤችቪኤ በ1954 ሥራ ያስጀመረው የስኳር ፋብሪካ ከተጨመቀው አገዳ የሚቀረውን ገለባ፣ ሠራተኞቹ ባጋስ የሚሉትን፣ ቦይለር ውስጥ እየማገደ እንፋሎቱንም ኤሌክትሪኩንም ከራሱ ማሳ ያወጣ ነበር። ዛሬ «የባዮማስ ኃይል» ተብሎ ጥናት የሚጻፍበት ነገር ያኔ ገለባ እንዳይባክን የተደረገ የቁጠባ ዘዴ ነበር።

ከእነዚህ ግድቦችና ፋብሪካዎች አንዱም ስለ ካርቦን ታስቦ አልተሠራም፤ ሊሆንም አይችልም። በአየር ውስጥ ያለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን በሃዋይ ተራራ ላይ ያለማቋረጥ መለካት የጀመረው በ1958 ነው፤ ቆቃ ሥራ ሊጀምር ሁለት ዓመት ሲቀረው። «እንግዲያውስ የኢትዮጵያ ንጽሕና የመልክዓ ምድር ዕድል ነው፣ ምን የሚያስመሰግን ነገር አለው?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፣ ምስጋና አያሻውም። የሚያስተምረው ግን ሌላ ነው፦ ነዳጅ ከውጭ የሚመጣ፣ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ዕቃ ስለሆነ፣ ንጉሡም ደርግም ከዚያ ወዲህ የመጡትም መንግሥታት በሌላው ነገር ሁሉ እየተለያዩ በውኃው ላይ ግን ተስማምተዋል። የፊንጫ ማመንጫ በ1973፣ የመልካ ዋከና በ1988፣ የግልገል ጊቤ በ2004 ሲመረቁ መንግሥቱ ሦስት ጊዜ ሌላ ነበር። ችግር ከቃል ኪዳን ይልቅ ዕድሜ አለው፤ የአውሮፓ ኩባንያ የገባውን ቃል ባለአክሲዮኑ ሲያጉረመርም ሊያጥፍ ይችላል፣ ነዳጅ ከውጭ የሚገዛ አገር ግን ከውጭ መግዛቱን አያጥፍም።

ከዋናው መስመር ውጭ የነበረው አገር ሌላ ታሪክ አለው። ብዙ ከተሞች ለየብቻቸው በናፍጣ ማመንጫ ይተዳደሩ ነበር፤ ሞተሩ ብዙውን ጊዜ ሲመሽ ተነሥቶ ሌሊት የሚያርፍ ነው። ለመብራት ይበቃል፤ ቀን ለሚሠራ ሰው ግን አይሆንም። ስለዚህ ወፍጮ ቤቱ የራሱን የናፍጣ ሞተር ገዛ። ያንን ሞተር የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ከቆርቆሮው ጣሪያ ላይ የወጣ የጭስ ማውጫ፣ ከሞተሩ ወደ ድንጋዩ የተወጠረ ሰፊ ቀበቶ፣ ዱቄት ቅንድቡን ያነጣው፣ ዘይት እጁን ያጠቆረው ወፍጮ አስፈጪ። ድምፁ ከሩቅ መንደር ስለሚሰማ እህል ያዘሉት ሴቶች ወፍጮው ክፍት መሆኑን የሚያውቁት በጆሯቸው ነበር። መስመሩ ሲመጣ ባለወፍጮው ሒሳቡን ሠራ፤ ናፍጣ በጀሪካን ማስጫን፣ ቀበቶ መቀየር፣ መካኒክ ከሩቅ ማስመጣት በአንድ ወገን፤ ቆጣሪና አንድ ማብሪያ በሌላ ወገን። ሞተሩን በኤሌክትሪክ ቀየረ። ማንም ስለ አየር ንብረት አልሰበከውም። አሮጌውን ሞተር ግን አልሸጠውም፤ ሸራ አልብሶ ጥግ አስቀመጠው። ያ ሸራ የለበሰ ሞተር ከማንኛውም የዓመት ሪፖርት ይልቅ የአገሩን የኃይል ታሪክ ይናገራል።

ባለወፍጮው አልተሳሳተም። የውኃ ኃይል ዝናብ ሲያጥር ያጥራል። በ2003 ፈረቃ ነበር፤ በ2009 እና በ2010 እንደገና ፈረቃ ሆነ፤ በ2019 ግንቦት ላይ የጊቤ ሦስት ግድብ ውኃ በመቀነሱ አገሩ ሁሉ፣ ሲሚንቶና ብረት ፋብሪካዎችም ጭምር፣ በተራ እንዲሠሩ ታወጀ። «ፈረቃ» የሚለው ቃል ለፋብሪካ እንግዳ አይደለም፤ ሠራተኛው በፈረቃ ይገባ ነበር፣ ከዚያ ኃይሉም በፈረቃ ይገባ ጀመር። ድርቅ በሌለበት ዓመትም ቢሆን ማመንጫው እያለ የማከፋፈያው መስመር ይወድቃል፤ ምሰሶው ይበሰብሳል፣ ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ይፈነዳል። ለዚህ አንድ ምክንያት ታሪፉ ነው። ከ2006 እስከ 2018 መጨረሻ ድረስ ዋጋው አልተነካም፤ ብር በዚያ ሁሉ ዘመን እየወደቀ፣ የመዳብ ሽቦ በዶላር እየተገዛ። ፋብሪካው ርካሹ ኤሌክትሪክ ስጦታ መስሎት ነበር፤ ሒሳቡን በኋላ በጄኔሬተር ከፈለው።

የጄኔሬተሩን ሒሳብ በቁጥር ማየት ይቻላል። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲነድ 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል፤ ጄኔሬተር አንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ለማመንጨት አንድ ሦስተኛ ሊትር ገደማ ይጠጣል። በዓመት አንድ ሚሊዮን ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈልግ መካከለኛ ፋብሪካ ከዚያ ውስጥ አንድ አሥረኛውን በጄኔሬተር ቢሸፍን ከ30,000 ሊትር በላይ ናፍጣ ያነዳል፣ ከ80 ቶን የሚበልጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይለቃል። ከሽቦው የተጠቀመበት ዘጠኝ እጅ ኃይል ግን ለሒሳቡ የሚጨምረው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። እንግዲህ የፋብሪካው የኤሌክትሪክ ጭስ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ የሚወጣው መብራት በጠፋበት ሰዓት ነው። በሌላው ዓለም የድንጋይ ከሰል ማመንጫን መዝጋት የሚያመጣውን ውጤት እዚህ የሚያመጣው አንድ ጥሩ መስመር ሠራተኛ ከነመሰላሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። ኤሌክትሪክ የፋብሪካ ጭስ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። የሲሚንቶ ምድጃ የሚነደው በኤሌክትሪክ አይደለም። ፋብሪካዎቻችን ለረጅም ዘመን ያነዱ የነበረው ከባድ ጥቁር ናፍጣ ነው፤ ዋጋው ሲወደድ ወደ ድንጋይ ከሰል ዞሩ፣ መጀመሪያ ከውጭ በሚገባው፣ አሁን ደግሞ ከአገር ውስጥ በሚቆፈረው። ይህም መሸጋገር ነበር፣ ወደ ባሰው። ከዚያ በላይ ደግሞ ከሲሚንቶ ካርቦን ከግማሽ የሚበልጠው የሚወጣው ከማገዶው ሳይሆን የኖራ ድንጋዩ ራሱ ሲጋል ከሚለቀው ጋዝ ነው፤ የትኛውም ግድብ ይህን አያስቀርም። ማቅለሚያ ቤቱ፣ ቆዳ ፋብሪካው፣ ቢራ ጠማቂው ቦይለር አላቸው፤ ቦይለሩም ብዙ ጊዜ ናፍጣ ይጠጣል። ስለዚህ «ኤሌክትሪካችን ከውኃ ነው» ብሎ በሩ ላይ አረንጓዴ ሰሌዳ የሚሰቅል ፋብሪካ ግማሽ እውነት ነው የሚናገረው። ተቃውሞው ግን ክርክሬን አያፈርሰውም፣ ያጠነክረዋል እንጂ። ቦይለሩን ወደ ኤሌክትሪክ ለመቀየር የሚችል ባለፋብሪካ ብዙ ነው፤ የሚያስፈራው በቀለም ሙቀት መሐል፣ ጨርቁ ገንዳ ውስጥ ሳለ፣ መስመሩ ይቋረጣል የሚለው ነው። አንድ ቀን የተበላሸ ቀለም የአንድ ወር የናፍጣ ቁጠባ ይበላል።

ሌላው ተቃውሞ ከባሰበት ወገን ይመጣል፦ የኢትዮጵያ ልቀት በዓለም ሚዛን ላይ ኢምንት ነው፣ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም፣ ስለ ፋብሪካ ካርቦን ማውራት የጠገበ ሰው ጨዋታ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሐቅ ናቸው፤ ድምዳሜው ግን አይከተልም። ናፍጣው ካርቦን ከመሆኑ በፊት ዶላር ነው። መንግሥት በ2024 መጀመሪያ ላይ ነዳጅ የሚጠቀሙ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ሲከለክል ያቀረበው ዋና ምክንያት የነዳጅ ወጪ ነበር። በ2016 የተመረቀው የጂቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ እንዲሠራ የተደረገውም በዚያው ሒሳብ ነው፤ አሮጌው ባቡር በናፍጣ ይሄድበት የነበረውን መንገድ አዲሱ በውኃ ኃይል ይሄደዋል፣ መስመሩ ሲቋረጥ ደግሞ ሜዳ ላይ ይቆማል። የውጭ ገዢም እየጠየቀ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የድንበር ካርቦን ክፍያ ዛሬ የሚመለከተው ሲሚንቶን፣ ብረትን፣ ማዳበሪያንና ጥቂት ሌሎችን ነው፤ ልብስና አበባን ገና አይነካም። ቢሆንም ሸሚዙን የሚያሰፋው ኩባንያ የራሱን ሒሳብ ለማሳየት የሰፊውን ሒሳብ ይጠይቃል። (አበባው በአውሮፕላን እንደሚሄድና የአውሮፕላኑ ጭስ የማቀዝቀዣ ክፍሉን ጄኔሬተር እንደሚያስንቅ ግን ሳልናገር አላልፍም።)

ውኃውም ዕዳ የለበትም ማለት አይደለም። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ በአንድ ብር ኖት ጀርባ ላይ የተሳለው ነው፤ በ2001 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ 73 ሜጋ ዋት ይዞ ሲጨመር ወንዙን አብዛኛውን ወደ ቦዩ ወሰደው፣ ከሩቅ የመጣው ጎብኚም በበጋ ደረቅ ገደል አይቶ ተመለሰ። ቆቃ ከውኃ መያዣ ቦታው ብዙ ክፍል ለደለል አስረክቧል፤ ላዩን እምቦጭ ይዞታል። ከቀዳሚዎቹ አንዱ የሆነው አባ ሳሙኤል ደግሞ መጨረሻው የሚያስገርም ነው። አቃቂ ያመነጨው ኃይል ያሳደጋቸው ፋብሪካዎች፣ ቆዳውም ማቅለሚያውም፣ ፍሳሻቸውን የለቀቁት ወደዚያው ወደ አቃቂ ነው፤ ወንዙም ቀለሙንና ክሮሙን ተሸክሞ ያጠራቀመው አባ ሳሙኤል ሐይቅ ውስጥ ነው። ማመንጫው በ1970 ገደማ ሥራ አቁሞ ለአሥርት ዓመታት ተዘግቶ ኖረ፤ በ2016 በቻይናውያን ታድሶ ተከፈተ። የካርቦን ሒሳብ ብቻ የሚያይ ሰው ለዚህ ወንዝ ሙሉ ነጥብ ይሰጠዋል፤ የታችኛው መንደር ሰው ከብቱን የሚያጠጣበት ግን ያንኑ ውኃ ነው።

አሁን የማመንጨቱ ጥያቄ ተቃሎ ሳለ የጥንቱ ጥያቄ እንደነበረ አለ። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለው የህዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ 5,150 ሜጋ ዋት፣ የአባ ሳሙኤል 780 እጥፍ ማለት ነው። ርካሽና ንጹሕ ኃይል ፍለጋ ቀድመው የደረሱት የቢትኮይን ማሽን ባለቤቶች ናቸው፤ ከትልልቅ ማከፋፈያ ጣቢያዎች አጠገብ ተተክለው በዶላር እየከፈሉ ይወስዳሉ። አልፈርድባቸውም፤ የሚገዙት ከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሩ ላይ ነው፣ ማለትም እምብዛም የማይቆረጠውን ክፍል። ደጋግሞ የሚቆረጠው ከዚያ ወዲህ ያለው ነው፤ ከማከፋፈያው እስከ በያጁ፣ እስከ ወፍጮው፣ እስከ እንጀራ ጋጋሪዋ። የአዲስ አበባ እንጀራ ዛሬ በአውሮፕላን ዋሽንግተንና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ይደርሳል፤ ጋጋሪዋ ግን ኃይሉ የሚጠነክርበትን ሌሊት ጠብቃ ትነሣለች።

ስለዚህ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ አንዲት ነገር ትጠየቅ፤ ግድብም ብድርም አትፈልግም። በየወሩ በሚወጣው ሒሳብ ላይ ደንበኛው የተጠቀመበት ኪሎ ዋት ሰዓት ተጽፏል፤ ከጎኑ በዚያ ወር በዚያ መስመር ላይ ኃይል የጠፋበት ሰዓት ይጻፍ።